የካርቡሬተር ጉሮሮ ምን ያህል ይስፋ? የሞተር አተነፋፈስ በፊዚክስ ዓይን ሲታይ

«ሰፋ ያለ ካርቡሬተር የተገጠመለት ሞተር ጉልበት ይኖረዋል» የሚለው ምክር በየጋራዡ ደጋግሞ የሚደመጥ ነው። ምክሩ ሲሰሙት እውነት ይመስላል። ሞተር ጉልበት የሚያገኘው ቤንዚን በማቃጠል ነው፤ ቤንዚን ለመቃጠል አየር ይፈልጋል፤ ሰፊ ቀዳዳ ከጠባብ ቀዳዳ ይልቅ ብዙ አየር ያሳልፋል፤ እንግዲያው ቀዳዳው በሰፋ መጠን ጉልበቱ ይጨምራል ያሰኛል። በአዲስ አበባና በሌሎች ደጋማ ከተሞቻችን ደግሞ «የከፍታ ቦታ አየር ስስ ስለሆነ ካርቡሬተሩ ይበልጥ መስፋት አለበት» የሚል ሁለተኛ ምክር ይታከልበታል። እነዚህን ሁለት ምክሮች ተቀብሎ፣ ያጠራቀመውን ገንዘብ አውጥቶ ከሞተሩ መጠን በላይ የሆነ ካርቡሬተር ያስገጠመ ባለመኪና ግን የሚገጥመው ያልጠበቀው ነገር ነው። መኪናው ከቆመበት ሲነሳ ይንተፋተፋል፤ ካንዴላው ይጠቁራል፤ የቤንዚን ወጪውም ይንራል።

በዚህ ጽሑፍ ሁለቱም ምክሮች ስሕተት የሚሆኑበትን ምክንያት በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ፊዚክስ ብቻ ተመርኩዘን እናሳያለን። የምንነጋገረውም ስለ እሽቅድምድም መኪና አይደለም። ፋብሪካው እንደሠራው ስላለ፣ በከተማና በአገር አቋራጭ መንገድ ሰውና ዕቃ ለማመላለስ ስለሚያገለግል መጠነኛ ሞተር ነው። እርግጥ ነው፣ እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ ጀምሮ ቤንዚን በኤሌክትሮኒክ ቁጥጥር የሚረጭበት ዘዴ ካርቡሬተርን ከአዳዲስ አውቶሞቢሎች እያስወጣ መጥቷል። በአገራችንም በ2016 ዓ.ም. ነዳጅ የሚጠቀሙ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር ውስጥ እንዳይገቡ ተወስኗል። ይሁን እንጂ ቀድሞ የገቡት ቮልሶች፣ ላዳዎችና አሮጌ ቶዮታዎች፣ እንዲሁም ብዙ ሞተር ብስክሌቶችና አነስተኛ ጄኔሬተሮች ዛሬም የሚተነፍሱት በካርቡሬተር ነው። ስለዚህ ጥያቄው የብዙ ሰው ኪስና እንጀራ የሚመለከት ጥያቄ ሆኖ ቀጥሏል።

ካርቡሬተር እንዴት ይሠራል?

ካርቡሬተር ሞተሩ የሚስበውን አየር ከተመጣጣኝ የቤንዚን መጠን ጋር የሚቀላቅል መሣሪያ ነው። አንድ ኪሎ ግራም ቤንዚን ምንም ሳይተርፍና ሳይጎድል ለመቃጠል 14.7 ኪሎ ግራም ያህል አየር ይፈልጋል። ይህ ቁጥር በይዘት ሲተረጎም አስገራሚ ነው። አንድ ሊትር ቤንዚን 0.74 ኪሎ ግራም ያህል ስለሚመዝን ወደ 11 ኪሎ ግራም የሚጠጋ አየር ያስፈልገዋል፤ ይህም በአዲስ አበባ ከፍታ 12 ሺህ ሊትር የሚጠጋ አየር ማለት ነው። ሞተር ከቤንዚን ጠጪነቱ ይልቅ አየር ተንፋሽነቱ የሚያይለው በዚህ ምክንያት ነው።

የመሣሪያው አሠራር መሠረት ከሞተር መፈጠር በፊት የታወቀ ነው። የስዊዝ የሒሳብና የፊዚክስ ሊቅ የነበረው ዳንኤል በርኑሊ እ.ኤ.አ. በ1738 ባሳተመው ሥራው በሚፈስ ነገር ፍጥነትና ግፊት መካከል ያለውን ዝምድና አስረዳ። ጣሊያናዊው የፊዚክስ ሊቅ ጆቫኒ ባቲስታ ቬንቱሪ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1797 በጠባብ ጉሮሮ ውስጥ የሚያልፍ ፈሳሽ የሚያሳየውን ጠባይ አጥንቶ አቀረበ፤ በመሐል የጠበበው ቧንቧ እስከ ዛሬ በስሙ ቬንቱሪ ይባላል። ጀርመናዊው መሐንዲስ ቪልሄልም ማይባኽ እ.ኤ.አ. በ1893፣ በዚያው ዓመትም ሃንጋሪያውያኑ ዶናት ባንኪና ያኖሽ ቾንካ፣ ቤንዚኑን በቀጭን አፍንጫ ወደሚነፍስ አየር የሚረጭ ካርቡሬተር አወጡ። የኋለኞቹ ካርቡሬተሮች ሁሉ የዚህ ሐሳብ ልጆች ናቸው።

አሠራሩ ይህን ይመስላል። ፒስተኑ ወደ ታች ሲወርድ አየር በካርቡሬተሩ በኩል ይሳባል። አየሩ ጠባቡ ጉሮሮ ላይ ሲደርስ ፍጥነቱ ይጨምራል፤ ፍጥነቱ ሲጨምር ግፊቱ ይቀንሳል። በጉሮሮው መሐል የቤንዚን አፍንጫ አለ። በጎን ባለው የቤንዚን ማጠራቀሚያ ላይ ያረፈው ግፊት ከጉሮሮው ግፊት ስለሚበልጥ ቤንዚኑ በአፍንጫው በኩል ተገፍቶ ይወጣና ከአየሩ ጋር ይቀላቀላል። የሚወጣው ቤንዚን መጠን ሁለት ነገሮችን ይከተላል፦ አንደኛው በመንገዱ ላይ ያለችው የቤንዚን መለኪያ ቀዳዳ ስፋት ሲሆን ሁለተኛው በጉሮሮው ውስጥ የተፈጠረው የግፊት መቀነስ ነው። ከጉሮሮው በታች ያለውና ከእግር ፔዳል ጋር የተያያዘው ተዘዋዋሪ ክዳን ደግሞ ምን ያህል ድብልቅ ወደ ሞተሩ እንደሚገባ ይወስናል።

ከዚህ ገለጻ አንድ ዋና ነጥብ እንያዝ። የካርቡሬተር ጉሮሮ ሁለት ሥራ አለው፤ አየር ማሳለፊያም ነው፣ መለኪያም ነው። የአየሩን ፍሰት «የሚያነበውና» ለቤንዚኑ ትእዛዝ የሚሰጠው የግፊቱ መቀነስ ነው። እንደ ማሳለፊያ ካየነው ሰፊው ይሻላል፤ እንደ መለኪያ ካየነው ግን ጠባቡ ይሻላል። የመጠን ምርጫ ማለት እነዚህን ሁለት ተጻራሪ ፍላጎቶች ማስታረቅ ነው።

ሞተሩ ስንት አየር ይስባል?

ባለ አራት ምት ሞተር ክራንክ ሻፍቱ ሁለት ጊዜ ሲዞር እያንዳንዱ ሲሊንደር አንድ ጊዜ አየር ይስባል። በመሆኑም፦

የአየር ፍሰት = የሞተሩ ይዘት × (ዙር በደቂቃ ÷ 2) × የአሞላል ብቃት

የአሞላል ብቃት የምንለው ሲሊንደሩ ሊይዝ ከሚችለው አየር ውስጥ በእውነት የገባው ምን ያህል እንደሆነ የሚገልጽ ቁጥር ነው። አየሩ በማጣሪያው፣ በቧንቧውና በቫልቩ ሲያልፍ ስለሚታገድ ሲሊንደሩ ሙሉ በሙሉ አይሞላም። ለመጠነኛ ሞተር ከ0.75 እስከ 0.85 ያለውን ቁጥር መውሰድ ይቻላል።

ለምሳሌ ያህል በአገራችን ሰው ዘንድ «ቮልስ» እየተባለች የምትጠራውን የቮልስዋገን መኪና እንውሰድ። ትልቁ ሞተሯ 1584 ሲሲ ይዘት ሲኖረው ከፍተኛ ጉልበቱን የሚሰጠው በደቂቃ 4000 ዙር ላይ ነው። የአሞላል ብቃቱን 0.75 ብንል፣ 1.584 × 2000 × 0.75 = 2376 ሊትር በደቂቃ እናገኛለን። ይህም በሰከንድ 0.0396 ሜትር ኩብ ማለት ነው።

ይህች መኪና እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ መጀመሪያ አንሥቶ ትጠቀምበት የነበረው ሶሌክስ 34 ፒክት 3 የተባለ ካርቡሬተር ነው። እዚህ ላይ ገበያ የሚወጣ ሰው ሊያውቀው የሚገባ ነገር አለ። 34 የሚለው ቁጥር የሚነግረን ተዘዋዋሪው ክዳን ያለበትን ቀዳዳ ዲያሜትር በሚሊ ሜትር ነው እንጂ የጉሮሮውን አይደለም። የጉሮሮው ዲያሜትር 26 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። የ26 ሚሊ ሜትር ክብ ስፋት 531 ሚሊ ሜትር ካሬ ስለሆነ፣ ፍሰቱን ለስፋቱ ስናካፍል የአየሩ ፍጥነት በሰከንድ 75 ሜትር ያህል ይሆናል።

ታናሿን ባለ 1285 ሲሲ ሞተርም በዚሁ መንገድ እንመርምራት። ጉሮሮው 24 ሚሊ ሜትር የሆነ ሶሌክስ 30 ፒክት ካርቡሬተር ተገጥሞላት በነበረ ጊዜ ከፍተኛ ጉልበቷ በ4000 ዙር ላይ ነበር። በተመሳሳይ የአሞላል ብቃት ብናሰላ የአየሩ ፍጥነት በሰከንድ 71 ሜትር ይወጣል። የሁለቱ ሞተሮች ይዘት በ23 በመቶ ቢለያይም የጉሮሯቸው የአየር ፍጥነት ግን ይቀራረባል። ይህ በአጋጣሚ የሆነ አይደለም። የፋብሪካው መሐንዲሶች ሞተሩ ሲያድግ ጉሮሮውን ያሰፉት የአየሩን ፍጥነት በአንድ አካባቢ ለማቆየት ነው። ሞተሩ ሳያድግ ጉሮሮውን ብቻ ማስፋት ግን ይህን ሚዛን ማፍረስ ይሆናል።

የአራተኛው ርቢ ሕግ

በርኑሊ እንደሚነግረን በጉሮሮው ውስጥ የሚፈጠረው የግፊት መቀነስ እንደሚከተለው ይሰላል፦

የግፊት መቀነስ = ½ × የአየር እፍግታ × (ፍጥነት × ፍጥነት)

ፍጥነቱ ከጉሮሮው ስፋት ጋር በተገላቢጦሽ ይመጣጠናል፤ ስፋቱ ደግሞ ከዲያሜትሩ ዳግም ርቢ ጋር ይመጣጠናል። ስለዚህ ለአንድ ዓይነት የአየር ፍሰት የግፊቱ መቀነስ ከዲያሜትሩ አራተኛ ርቢ ጋር በተገላቢጦሽ ይመጣጠናል ማለት ነው። አራተኛ ርቢ ምን ያህል ጨካኝ እንደሆነ በቁጥር እንየው።

በባሕር ወለል ላይ የአንድ ሜትር ኩብ አየር መጠነ ቁስ 1.22 ኪሎ ግራም ያህል ነው። ባለ 1584 ሲሲው ሞተር በ26 ሚሊ ሜትር ጉሮሮ ሲተነፍስ የግፊቱ መቀነስ በ4000 ዙር 3400 ፓስካል፣ ፔዳሉ ሙሉ በሙሉ ተረግጦ በ1500 ዙር ዳገት ሲወጣ ደግሞ 480 ፓስካል ያህል ይሆናል። ባለመኪናው ይህን ካርቡሬተር አውጥቶ ጉሮሮው 36 ሚሊ ሜትር የሆነ ቢያስገጥምስ? በ4000 ዙር 920፣ በ1500 ዙር ደግሞ 130 ፓስካል ብቻ ይቀራል። ዲያሜትሩ በ38 በመቶ ሲጨምር ቤንዚኑን የሚያዘው ግፊት ወደ ሩብ ገደማ ወረደ።

ለመሆኑ በዚህ ለውጥ የተገኘው ትርፍ ምንድን ነው? የባሕር ወለል የአየር ግፊት 101 ሺህ ፓስካል ያህል ነው። በ26 ሚሊ ሜትሩ ጉሮሮ የሚታየው የ3400 ፓስካል መቀነስ ሙሉ በሙሉ ቢባክን እንኳ ከጠቅላላው ግፊት 3.4 በመቶ ብቻ ነው። በእውነቱ ግን ሁሉም አይባክንም፤ ከጉሮሮው በታች ቧንቧው ቀስ በቀስ ስለሚሰፋ አየሩ ፍጥነቱን ሲቀንስ ከግፊቱ የተወሰነውን መልሶ ያገኛል። ስለዚህ ሰፊው ካርቡሬተር በከፍተኛ ዙር ሊሰጥ የሚችለው ተጨማሪ ጉልበት ከሦስት በመቶ ያነሰ ነው። ለዚህች ትርፍ ሲባል ሞተሩ አብዛኛውን ዕድሜውን በሚያሳልፍበት ዝቅተኛና መካከለኛ ዙር ላይ የመለኪያው ትክክለኛነት ይሠዋል። ንግዱ ኪሳራ ነው።

ጉሮሮው ከመጠን በላይ ሲጠብም ችግር አለ። ያው ሞተር በ20 ሚሊ ሜትር ጉሮሮ እንዲተነፍስ ቢደረግ በ4000 ዙር የአየሩ ፍጥነት በሰከንድ 126 ሜትር፣ የግፊቱ መቀነስ ደግሞ 9700 ፓስካል ይደርሳል። ይህ ከአየር ግፊቱ አንድ አሥረኛ ያህል ስለሆነ ሞተሩ በከፍተኛ ዙር ይታፈናል። በዝቅተኛ ዙር ግን እንዲህ ያለው መኪና በጥሩ ሁኔታ ይታዘዛል፤ ቤንዚንም አያባክንም። እንግዲህ በሁለት መጠኖች መካከል ለሚያመነታ ባለመኪና የፊዚክስ ምክር ግልጽ ነው፦ ለመጠነኛ ሞተር ጥቂት የጠበበው፣ ጥቂት ከሰፋው ይሻላል።

የከፍታ ጉዳይ፦ ይዘት ወይስ መጠነ ቁስ?

አሁን ወደ ሁለተኛው ምክር እንመለስ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2400 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ትገኛለች። የአየር ግፊቷ 76 ሺህ ፓስካል ገደማ ሲሆን የአንድ ሜትር ኩብ አየሯ መጠነ ቁስም ወደ 0.92 ኪሎ ግራም ይወርዳል። ከባሕር ወለል ጋር ሲነጻጸር እፍግታው ሩብ ያህል ጎደለ ማለት ነው። ሞተሩም ጉልበቱን የሚያጣው በዚሁ ልክ ነው። ታዲያ ጉሮሮውን ብናሰፋው የጎደለውን አየር ማካካስ አንችልምን?

አንችልም። ምክንያቱም ፒስተን የሚስበው ይዘትን ነው። በድሬዳዋም ሆነ በአዲስ አበባ የሲሊንደሩ ይዘት አይለወጥም፤ 1584 ሲሲ ያው 1584 ሲሲ ነው። በሰከንድ የሚያልፈው የአየር ይዘት ካልተለወጠ በጉሮሮው ውስጥ ያለው ፍጥነትም አይለወጥም። ፍጥነቱ ያው በሰከንድ 75 ሜትር ከሆነ፣ ጉሮሮው በአዲስ አበባ ከባሕር ወለል የበለጠ አያግድም። ስሌቱም ይህንኑ ያረጋግጣል፦ በአዲስ አበባ የግፊቱ መቀነስ በ4000 ዙር ወደ 2560 ፓስካል ይወርዳል፤ ይህም ከ76 ሺህው 3.4 በመቶ ነው። በባሕር ወለል ያገኘነው ድርሻም ይኸው ነበር። ስስ የሆነው አየሩ ራሱ እንጂ መግቢያው አልጠበበም። የአየሩን ስስነት የሚያካክሰው አየሩን ጨምቆ የሚያስገባ እንደ ቱርቦ ያለ መሣሪያ ብቻ ነው።

ከዚህ አልፎ ሰፊው ጉሮሮ በደጋ ላይ ጉዳቱ ይብሳል። በቤንዚን ማጠራቀሚያው ውስጥ ያለው የቤንዚን ወለል እንዳይፈስ ተብሎ ከአፍንጫው ጥቂት ሚሊ ሜትር ዝቅ እንዲል ይደረጋል። ልዩነቱ 6 ሚሊ ሜትር ቢሆን፣ ቤንዚኑን እዚያ ድረስ ለማንሣት ብቻ 44 ፓስካል ያህል ያስፈልጋል። ይህ እንደ ቀረጥ ነው፤ ቤንዚኑ መፍሰስ የሚጀምረው ቀረጡ ከተከፈለ በኋላ ነው። ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ በ1500 ዙር በምትወጣ መኪና ላይ፣ በ26 ሚሊ ሜትር ጉሮሮ የሚፈጠረው የግፊት መቀነስ 360 ፓስካል ስለሆነ ቀረጡ እምብዛም አይሰማውም። በ36 ሚሊ ሜትሩ ግን ያለው 98 ፓስካል ብቻ ነው፤ ግማሽ ያህሉን ቀረጡ ይወስደዋል።

የሚፈሰው ቤንዚን ከግፊቱ ስኩዌር ሩት ጋር ስለሚመጣጠን፣ በመጀመሪያው ጉሮሮ የቤንዚኑ ጉድለት 6 በመቶ ሲሆን በሁለተኛው 26 በመቶ ይደርሳል። በሰፊው ጉሮሮ የተገጠመው ሞተር በቤንዚን እጥረት ይንተፋተፋል። መካኒኩ ይህን ለማረም የቤንዚን መለኪያ ቀዳዳዋን ያሰፋታል፤ ለታችኛው ዙር እንዲበቃ 35 በመቶ ይጨምርላታል እንበል። በታች ያለው ችግር ይቃለላል። ነገር ግን በ4000 ዙር ቀረጡ ከቁጥር የማይገባ ስለሆነ ቀዳዳዋ ከሚያስፈልገው 30 በመቶ በላይ ቤንዚን ታፈሳለች። ጥቁር ጢስ፣ የጠቆረ ካንዴላና በየሳምንቱ የሚጨምረው የቤንዚን ወጪ የሚመጡት ከዚህ ነው። በእርግጥ ካርቡሬተር እነዚህን ጉድለቶች የሚያለዝቡ የአየር ቀዳዳዎችና ረዳት መንገዶች አሉት፤ ሆኖም የጉድለቱን አቅጣጫ አይለውጡትም። በዚህ ላይ አየሩ በዝግታ ሲያልፍ ቤንዚኑን ወደ ደቃቅ ጠብታ መበተን ስለማይችል፣ ጠብታዎቹ በቧንቧው ግድግዳ ላይ ተለጥፈው ይቀራሉ። አራቱ ሲሊንደሮችም እኩል አይካፈሉም።

ታዲያ በደጋ መለወጥ ያለበት ምንድን ነው?

መለወጥ ያለባት ጉሮሮው ሳይሆን የቤንዚን መለኪያ ቀዳዳዋ ናት፤ የምትለወጠውም ወደ ጠባብነት ነው። ምክንያቱን ደረጃ በደረጃ እንከተል። የአየሩ መጠነ ቁስ ከእፍግታው ጋር በቀጥታ ይመጣጠናል፤ እፍግታው 75 በመቶ ሲሆን አየሩም 75 በመቶ ይሆናል። የሚረጨው ቤንዚን ግን ከግፊቱ መቀነስ ስኩዌር ሩት ጋር ስለሚሄድ ወደ 87 በመቶ ብቻ ይወርዳል። 87ን ለ75 ስናካፍል 1.15 ገደማ ይሆናል። ይህ ማለት ለባሕር ወለል የተስተካከለ ካርቡሬተር በአዲስ አበባ 15 በመቶ ያህል ትርፍ ቤንዚን ይሰጣል ማለት ነው።

ይህን ለማረም የቀዳዳዋን ስፋት ወደ 87 በመቶ፣ ዲያሜትሯን ደግሞ ወደ 93 በመቶ መቀነስ ይበቃል። በእነዚህ የአውሮፓ ካርቡሬተሮች ቀዳዳ ላይ የሚታተመው ቁጥር በመቶኛ ሚሊ ሜትር የተሰጠ መጠን ነው። 130 ተብሎ የተጻፈባት፣ ማለትም 1.30 ሚሊ ሜትር የሆነች ቀዳዳ በአዲስ አበባ ወደ 120 ገደማ ብትለወጥ ድብልቁ ወደ ሚዛኑ ይመለሳል። ወጪዋ ከአንድ ካርቡሬተር ዋጋ ጋር የሚነጻጸር አይደለም።

ተቃራኒውም መረሳት የለበትም። ለአዲስ አበባ በሚገባ የተስተካከለ መኪና 1200 ሜትር ያህል ከፍታ ወዳላትና ሞቃታማ ወደሆነችው ድሬዳዋ ሲወርድ ድብልቁ በ5 በመቶ ያህል ይሳሳል፤ ይህ የሚያሰጋ አይደለም። እስከ ባሕር ወለል ድረስ የሚወርድ ከሆነ ግን ጉድለቱ ወደ 13 በመቶ ስለሚደርስ ሞተሩ ይግላል፣ ጭነት ሲበዛበትም ሊያንኳኳ ይችላል። በመሆኑም ለረጅም ጊዜ ቆላ የሚሠራ መኪና የቀድሞ ቀዳዳው ሊመለስለት ይገባል። የወለቀችውን ቀዳዳ አለመጣል ብልህነት ነው።

መሐንዲሶች እንዴት አስታረቁት?

አንድ ቋሚ ጉሮሮ ለዝግታም ለፍጥነትም እኩል ሊመች አይችልም። ለዚህ ከተገኙት መፍትሔዎች አንዱ ለብዙ ዓመታት በአዲስ አበባ ጎዳናዎች ሲመላለሱ በኖሩት ላዳ ታክሲዎች ላይ ይታያል። የላዳ ካርቡሬተር ሁለት ጉሮሮ አለው። ፔዳሉ በጥቂቱ ሲረገጥ የመጀመሪያው ብቻ ይከፈታል፤ በዚያ ያለው አየር በፍጥነት ስለሚያልፍ ልኬቱ ትክክለኛ ይሆናል። አሽከርካሪው ብዙ ጉልበት ሲፈልግ ሁለተኛው ይከፈትና ማሳለፊያው ይሰፋል። በብዙ ሞተር ብስክሌቶች ላይ የሚገኘው ሌላው መፍትሔ ደግሞ የአየሩን ፍሰት እየተከተለ በራሱ የሚሰፋና የሚጠብ ጉሮሮ ነው። ሁለቱም የሚያስተምሩን አንድ ነገር ነው፦ የካርቡሬተር ሠሪዎች ጥረት ጉሮሮውን እስከተቻለ ድረስ ከማስፋት ይልቅ የአየሩን ፍጥነት ለመጠበቅ ነበር።

ትልልቅ ባለ ስምንት ሲሊንደር ሞተሮች በሚወደዱባት አሜሪካም ስሕተቱ የታወቀ ነው። በዚያ ካርቡሬተር የሚሸጠው በደቂቃ በሚያሳልፈው ኩብ ጫማ አየር ነው። 350 ኩብ ኢንች፣ ማለትም 5.7 ሊትር ይዘት ያለው መጠነኛ ሞተር በ5500 ዙርና በ0.85 የአሞላል ብቃት የሚስበው 473 ኩብ ጫማ በደቂቃ ነው። ባለ 750 የሚገጥምለት ሰው ግን አይጠፋም።

ቁጥሩን ማንበብም ጥንቃቄ ይሻል። ባለ አራት ጉሮሮዎቹ የሚለኩት በ1.5 ኢንች የሜርኩሪ የግፊት ልዩነት ሲሆን ባለ ሁለት ጉሮሮዎቹ የሚለኩት በ3 ኢንች ነው። ፍሰት ከግፊት ልዩነት ስኩዌር ሩት ጋር ስለሚመጣጠን 500 የተባለ ባለ ሁለት ጉሮሮ በባለ አራቱ መለኪያ ሲታይ 354 ብቻ ይሆናል። የመለኪያ ሁኔታው ያልተነገረ ቁጥር ትርጉም የለውም፤ ይህ ደግሞ ለፊዚክስ ተማሪ አዲስ ነገር አይደለም።

የአመራረጥ ቅደም ተከተል

እስካሁን ያየነውን በአምስት ደረጃ ልናጠቃልለው እንችላለን።

አንደኛ፣ የሞተሩን ይዘትና ከፍተኛ ጉልበቱን የሚሰጥበትን ዙር ማወቅ። እዚህ ላይ ለራስ መታመን ያሻል፤ በ4000 ዙር የሚሠራን ሞተር 6000 ብሎ ማስላት ያለ አግባብ ወደ ሰፋ ካርቡሬተር ይመራል።

ሁለተኛ፣ ከላይ በሰጠነው ቀመር የአየሩን ፍሰት ማስላት፤ የአሞላል ብቃቱን ከ0.75 እስከ 0.85 መውሰድ።

ሦስተኛ፣ ፍሰቱን በሰከንድ ለ75 ሜትር ፍጥነት አካፍሎ የጉሮሮውን ስፋት፣ ከዚያም ዲያሜትሩን ማግኘት። ይህ ስሌት አንድ ጉሮሮ ለአራት ሲሊንደር ሲያገለግል የሚሠራ መሆኑን ልብ ይሏል። በካርቡሬተሩ አካል ላይ የተጻፈው ቁጥር የክዳኑ ይሁን የጉሮሮው ለይቶ ማወቅም የዚህ ደረጃ ሥራ ነው።

አራተኛ፣ በሁለት መጠኖች መካከል ሲታመን አነስተኛውን መምረጥ፤ የሚቻል ከሆነ ደግሞ በተራ የሚከፈት ባለ ሁለት ጉሮሮን መውሰድ።

አምስተኛ፣ ከፍታውን በቤንዚን መለኪያ ቀዳዳዋ ማስተካከል እንጂ በጉሮሮው አለመሞከር።

ከሁሉ በፊት ግን ሞተሩ ጉልበት ያጣው በእርግጥ በካርቡሬተሩ ምክንያት መሆኑን ማጣራት ይገባል። የተደፈነ የአየር ማጣሪያ፣ ያለቀ የፒስተን ቀለበት ወይም ጊዜውን የሳተ የእሳት አሰጣጥ ያደከመውን ሞተር የትኛውም ካርቡሬተር አያድነውም።

ውድ አንባብያን፣ አንድ የሒሳብ ልምምድ ሰጥተን እንሰናበት። ይዘቱ 1.2 ሊትር የሆነ ሞተር ከፍተኛ ጉልበቱን በ5600 ዙር ይሰጣል፤ የአሞላል ብቃቱ 0.8 ነው። እያንዳንዳቸው 23 ሚሊ ሜትር የሆኑ፣ በተራ የሚከፈቱ ሁለት ጉሮሮዎች አሉት። በ5600 ዙር ሁለቱም ተከፍተው፣ በ2000 ዙር ደግሞ የመጀመሪያው ብቻ ተከፍቶ የአየሩ ፍጥነት ስንት ይሆናል? ስሌታችሁ ትክክል ከሆነ የመጀመሪያው በሰከንድ 54 ሜትር፣ ሁለተኛው 39 ሜትር ያህል ይወጣል። ዙሩ ወደ ሦስት እጥፍ ሲጠጋ ፍጥነቱ ያደገው አንድ እጥፍ ተኩል እንኳ አለመሙላቱን ተመልከቱ። ከዚያም አቅራቢያችሁ ወዳለ ጋራዥ ጎራ ብላችሁ፣ መካኒኩን አስፈቅዳችሁ፣ በአንድ አሮጌ ካርቡሬተር ላይ የተጻፈውን ቁጥር አንብቡ፤ ጉሮሮውንም ለኩ። መካኒኩ በጆሮው የሚያውቀውን እናንተ በቁጥር ስታገኙት፣ የሁለታችሁ ዕውቀት የሚገናኝበትን ቦታ ታያላችሁ።